አንዲት ተማሪ ከፈፋው ማዶ

ሜሬሴኒ ወደ ተራራማው መንደራችን ወደ ናራሳዋ የመጣችው በነሐሴ ሙቀት ነው። እኛ በላብ ተዘፍቀን ጥላ ለጥላ ስንሸሽ፣ እሷ ከአውቶቡስ ወርዳ ሰማዩን ቀና ብላ አየችና «ነፋሻማ አገር ነው ያላችሁ» አለች። ርእሰ መምህራችን አቶ ኢሶጋይ፣ በራ የሆነ ጭንቅላታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣

«ሃሩዮ፣ ይቺን ልጅ ታኅሣሥ ላይ ምን እናደርጋታለን?» አሉኝ በሹክሹክታ።

እኔም አላወቅሁም። እዚያው ተወልጄ እዚያው ሒሳብ የማስተምር ሴት ነኝ። ለእኔ በረዶ እንደ ቆየ ጎረቤት ነው፤ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሲበቃው ይሄዳል። እሷ ግን ከፊጂ፣ ያውም በአንድ ቀን በእግር ዞረው ከሚጨርሷት ትንሽ ደሴት ነው የመጣችው። ቁመቷ በየበሩ ጎንበስ ያሰኛታል፣ ትከሻዋ የእንጨት ፈላጭ ነው፣ ጎፈሬዋ ኮፍያ አይችለውም፣ ሳቋ ከመምህራን ክፍል ተነስቶ ሜዳው ድረስ ይሰማል። እንግሊዝኛ እንድታስተምር ነበር የመጣችው። በመምህራን ቤት ጎን ለጎን ስለነበርን፣ ስታስነጥስ በግድግዳው በኩል «ይማርሽ» እላት ነበር።

የመጀመሪያው በረዶ የወደቀው ክፍል ውስጥ ሳለች ነው። ልጆቹ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። እሷ ጠመኔዋን አስቀመጠች፣ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ከዚያ አንድም ቃል ሳትናገር ወጣች። ግቢው መሐል ቆማ ፊቷን ወደ ሰማይ አድርጋ ምላሷን አወጣች።

ልጆቹ መስኮቱን ከፍተው «ቲቸር! ቲቸር! ይሄ ለቅምሻ ነው! ዋናው ገና ነው!» እያሉ ጮኹ።

እውነታቸውን ነበር። ጥር ሲገባ በረዶው የታችኛውን መስኮት ሸፈነው፤ ሰው በላይኛው ፎቅ መስኮት መውጣት ጀመረ። ሜሬ፣ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራት፣ ያላትን ልብስ ሁሉ ደራርባ ስለምትለብስ ልጆቹ «ጥቅል ጎመን» አሏት። ቅጽል ስሟን ስትሰማ አልተቆጣችም። «ጥቅል ጎመን ተልጦ ተልጦ መሐሉ ላይ ምን ይገኛል?» ብላ ጠየቀቻቸው በእንግሊዝኛ። «ሌላ ጎመን!» አሉ በእንግሊዝኛ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የትምህርት ቤቱን ደረጃ በወረደች ቁጥር ትወድቃለች፤ ወድቃም ቀድማ የምትስቀው እሷው ናት።

አንድ ማለዳ ግን ወደ መኖሪያ ክፍሏ ስገባ፣ የውሃ ቧንቧዋ ቀዝቅዞ ፈንድቶ፣ ወለሉ ላይ የፈሰሰው ውሃ እንደ መስተዋት ረግቶ፣ እሷ መሐሉ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ጣቶቼ የኔ አይመስሉኝም፣ ሃሩዮ» አለችኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩና እጆቿን ብብቴ ስር ከተትኳቸው። ትንሽ እንደቆየን ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። «ስንት ሰዓት ሆነ? የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነው» ብላ ብድግ አለች። ሰዎች ስለ ሜሬ ሲጠይቁኝ የማስበው ያንን ብድግ ማለቷን ነው።

ጥር ሲጋመስ ከላይ ከተራራው የተነሳ የበረዶ ናዳ ወደ ቶቺጉራ የሚወጣውን የመኪና መንገድ ከነስልክ ምሰሶው ጠርጎ ወንዝ ውስጥ ከተተው። እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልነካም። ቶቺጉራ ከእኛ በላይ ተራራው ወገብ ላይ ያለች፣ ሦስት ቤት ብቻ የቀራት መንደር ናት። የወረዳ ሰዎች በሄሊኮፕተር መጥተው «መንገዱ እስከ ሚያዝያ አይከፈትም፤ እናውርዳችሁ» ቢሏቸው፣ ሽማግሌዎቹ አሻፈረን አሉ። «ሩዝ አለን፣ በጨው የተከተተ አትክልት አለን፣ እንጨት አለን። መንገድ ሳይሠራም ከርመን እናውቃለን» ብለው መለሷቸው።

የእኛ ጭንቅ ሳዋ ነበረች። ሳዋ እኛ ጋ የመጨረሻ ዓመቷን የምትማር፣ ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች፣ ከአያቶቿ ጋር ቶቺጉራ የምትኖር ልጅ ናት። አያቷ አባባ ቶዮሳኩ በመኸር ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ ውለዋል። አያቷ እማማ ኪኑ ደግሞ ከወገባቸው የጎበጡ ናቸው፤ ባላቸውን ብቻቸውን ማገላበጥ አይችሉም። ስለዚህ ሳዋ አልወርድም አለች። ወደ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስገባው ፈተና ደግሞ መጋቢት መግቢያ ላይ ነበር፤ እንግሊዝኛዋም እንዲያው ለወጉ ያህል ነበር።

መምህራን ክፍል ተሰበሰብን። አቶ ኢሶጋይ ሁለት እጃቸውን ምድጃው ላይ ዘርግተው «መልመጃ እናዘጋጅላትና በፖስታ ይሂድላት» አሉ።

«ፖስታው በምን ይሄዳል?» አለች ሜሬ።

«ፉሳኤ ናታ የምታደርሰው። በጫካው በኩል፣ በእግሯ፣ በየሳምንቱ።»

«ፖስታ በእግሩ ከሄደ መምህርስ ለምን በእግሩ አይሄድም?»

የስፖርት መምህሩ ሻዩ ትን አለው። «አንቺ? ደረጃ መውረድ ያቃተሽ?»

ሜሬ አብራው ሳቀች። ከዚያ በዚያ በምትሰባብረው ቋንቋችን እንዲህ አለች፤ «እኛ ደሴት ትምህርት ቤት የነበርነው ተማሪዎች አራት ነን። መምህሩ የሚመጣው ከሌላ ደሴት በታንኳ ነው። ማዕበል ሲነሳ ይዘገያል። ቀርቶ ግን አያውቅም።»

አቶ ኢሶጋይ እጃቸውን ከምድጃው ሰብስበው «ፉሳኤን ጠይቂያት። ተራራው የእሷ ነው» አሉ።

እትዬ ፉሳኤ የመንደራችን ፖስተኛ ናት። አጭር፣ ድንቡሽ ያለች፣ ምላሷ ከመጋዝ የሰላ ሴት። ሜሬ ልትለምናት ፖስታ ቤት ስትገባ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣

«እኔ የምሸከመው ቴምብር የተለጠፈበትን ብቻ ነው» አለቻት።

«ግንባሬ ላይ ልለጥፍ?»

«ለዚህ ቁመት አንድ ጥራዝ ሙሉ ያስፈልጋል!» ብላ ፉሳኤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በረዶ እንዳይውጣት ከእንጨት የተጠማዘዘ ሰፊ የበረዶ መርገጫ እግሯ ላይ አስራላት ሜዳው ላይ ስታስኬዳት ዋለች። «እንደ ዳክዬ! እግርሽን ለየት አድርጊ! የራስሽን እግር አትርገጪ፣ እሱ ጠላትሽ አይደለም!» የሰፈሩ አሮጊቶች አጥር ላይ ተደርድረው እንደ ትግል ግጥሚያ ይመለከቱ ነበር። ሜሬ ትወድቃለች፣ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን ሜዳውን ሳትወድቅ ዞረችው፤ አሮጊቶቹም አጨበጨቡላት።

ቅዳሜ ጠዋት ልትሄድ ስትነሳ የሒሳብ መጻሕፍቴን አዝዬ በሩ ላይ ጠበቅኋት። እንግሊዝኛ በእግሩ ተራራ ሲወጣ ሒሳብ ምድጃ ስር ቢቀር ያምርበታል?

ያን መንገድ ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ግን በሜሬ ዓይን እንደ አዲስ አየሁት። ጫካው ጭር ብሏል። ዛፎቹ እስከ ወገባቸው በበረዶ ተቀብረው ቅርንጫፎቻቸው ላይ ነጭ ጥጥ የተሸከሙ ይመስላሉ። ፀሐይ ስትወጣ ከላይ የሚረግፈው ዱቄት በአየር ላይ ያብለጨልጫል። ሜሬ በየጥቂቱ ትቆማለች። እኛ ደክሟት መስሎን ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ፉሳኤ።

«ዝም ማለቱን እየሰማሁት ነው። ባሕር አጠገብ ዝምታ የለም።»

ፉሳኤ የራስ ሻሿን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ እሷም አዳመጠች። ፉሳኤ እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም ነበር።

ከቶቺጉራ በታች አንድ ጠባብ ፈፋ አለ። ከወዲህም ከወዲያም የመንደሪቱ ሰዎች የሩዝ እርከኖች አሉ፤ በክረምት በረዶ ሲተኛባቸው እንደተደረደረ ነጭ አልጋ ይሆናሉ። ፈፋውን የምንሻገረው አንድ በአንድ ነው፤ ቶሎ ብለን፣ ቃል ሳንተነፍስ፤ ከላይ ያለው ቁልቁለት በረዶውን የሚያራግፈው በዚያ በኩል ነውና። ሳዋ ወዲያ ማዶ ባለው የመጨረሻው እርከን ላይ ቆማ የሳምንቱን ፖስታ ስትጠብቅ አገኘናት። ቀጭን ናት፣ ጉንጯ በብርድ የቀላ፣ ሜሬን ስታይ ሳቋን በጓንቷ የሸፈነች።

ቤት ስንገባ አባባ ቶዮሳኩ ከተኙበት ሆነው ጠመም ባለ አፋቸው ተቀበሉን።

«ይቺ ናት እንግሊዝኛዋ? ኪኑ፣ መብራቱን ከፍ አድርጊው፣ በጭንቅላቷ እንዳትሰብረው!»

ሜሬ እጅ ልትነሳ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል መብራቱን ገጨችው።

«አላልኩም?» አሉ ሽማግሌው። «በይ ተቀመጪ። ብርዱ እንዴት ይዞሻል?»

«ክፉ ነው። ግን ቆንጆ ነው።»

«ልክ እንደ ኪኑ!»

«አንተ ሽማግሌ» አሉ እማማ ኪኑ ከጓዳ፣ «ማታ ሾርባህን ማን እንደሚያጎርስህ ረሳኸው?»

ከዚያ ሳዋና እማማ ኪኑ አባባን ሊያገላብጡ ሲታገሉ ሜሬ አየች። ፈቃድ ጠየቀች፣ ሁለት እጆቿን ስራቸው አስገባች፣ እንደ ሕፃን አንስታ መስኮቱ አጠገብ ትራስ አስደግፋ አስቀመጠቻቸው። ቀልዱ ሁሉ ጠፋ። ደኅናውን እጃቸውን የመስኮቱ መስታወት ላይ አድርገው፣

«ከመኸር ወዲህ ተራራውን አላየሁትም ነበር» አሉ።

ከስሩ በሚሞቀው ጠረጴዛ ዙሪያ እግራችንን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተን እስከ ማታ አስተማርን። እኔ ሳዋን በእኩልታ ሳስጨንቃት ሜሬ በእንግሊዝኛ ታሳርፋታለች፤ እሷ ስታስጨንቃት እኔ አሳርፋታለሁ። እዚያው አደርንና እሑድ ወረድን። በሁለተኛውም ሳምንት እንዲሁ ሆነ።

በሦስተኛው ግን ሞቃት ንፋስ ነፍሶ፣ በላዩ ላይ ደግሞ አዲስ በረዶ ሳያቋርጥ ሲወርድ ሰንብቶ ነበር። ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ። ፈፋው አፋፍ ላይ ስንደርስ ፉሳኤ ዱላዋን በረዶው ውስጥ ተክላ ቆመች። ወደ ላይ አየች። ከቁልቁለቱ ጫፍ ላይ በረዶው እንደ ቤት ጣራ ጠርዝ ወደ ፊት ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

«ዛሬ አንሻገርም።»

«እትዬ ፉሳኤ» አለች ሜሬ፣ «አንድ በአንድ፣ ቶሎ ብለን...»

«አንሻገርም አልኩ።»

«ሳዋ እየጠበቀችን ነው እኮ! እያትማ፣ ያቻትና!»

ሳዋ እውነትም ወዲያ ማዶ እርከኑ ላይ ቆማ ነበር። እጇን ስታወዛውዝ ይታያል፤ ካልጮኸች ግን ድምፅዋ አይደርስም። ሜሬ ልትጣራ እጇን አፏ ላይ ስታደርግ ፉሳኤ ክንዷን ጭምድድ አድርጋ ያዘቻት።

«አፍሽን! ይሄ ተራራ እንቅልፉ ቀላል ነው።»

ሜሬ ክንዷን አላስለቀቀችም። ትክ ብላ ወዲያ ማዶ አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፈተናው ቀርቧል፣ ሰባት ቀን ሙሉ የጠበቀች ልጅ ፊት ለፊታችን ቆማለች፣ በመሐላችን ያለው ግን አንድ ፈፋ ብቻ ነው። ፉሳኤ «በሉ እንመለስ፤ ልጅቷም ገብታ ትሙቅ» ብላ ዞረች።

ሜሬ ግን አልተከተለችንም። ከአፋፉ ራቅ ብሎ ከእኛ ወገን ወዳለው የመጀመሪያው እርከን ወጣችና እግሯን እያነሳች በረዶውን ትረግጥ ጀመር። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ ታጥፋለች፣ ትመለሳለች፣ ትዘላለች።

«ብርዱ ጭንቅላቷ ገባ» አለች ፉሳኤ። «ያዣት!»

ልይዛት ስሮጥ ነው የገባኝ። እርከኑ ላይ የቆመው አንድ ትልቅ ፊደል ነበር። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ሰው በቁመቱ ተኝቶ የማይሞላው ፊደል፣ በመርገጫ ተደብድቦ፣ ፀሐይዋ በጎን ስትመታው ጥላ ሠርቶ ጥቁር ቀለም የመሰለ። የመጀመሪያውን እርከን ስትጨርስ ወደ ሁለተኛው ወረደች። በእንግሊዝኛ «አያትሽ እንዴት ናቸው?» ብላ ጻፈች።

ወዲያ ማዶ ሳዋ ጥቂት ጊዜ ድርቅ ብላ ቆመች። ከዚያ በእርከኗ ላይ መሮጥ ጀመረች።

መልሷ እስኪያልቅ ጠበቅን። «አያቴ ደኅና ነው። ትናንት ገንፎ ይበላል» ይላል። ሜሬ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና በረዶው ላይ ዘጭ አለች፤ ያ ምልክት ክፍል ውስጥ ስህተት ስትሰማ የምታደርገው ስለሆነ ሳዋ ገባት። የትናንቱን ግስ በዛሬ ጽፋው ነበር። ሮጣ ሄዳ ግሱን በእግሯ ደምስሳ ከስሩ እንደገና ጻፈችው። በዚህ ጊዜ ልክ ነው። ሜሬ ብድግ ብላ እየዘለለች ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ ሳዋም ዘለለች። ድምፅ የለም። ሁለት ሰዎች በሁለት ነጭ ዳገት ላይ ዝም ብለው ይዘላሉ።

«እስቲ የአባባ መድኃኒት ስንት ቀን እንደሚበቃው ጠይቂያት» አለች ፉሳኤ። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። ሜሬ ጻፈች። ሳዋ እስከሚቀጥለው ሳምንት ይበቃል ብላ መለሰች። ፉሳኤ የመድኃኒቱን ከረጢት መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በረጅሙ ተነፈሰች።

እኔም አላስቻለኝም። ሦስተኛው እርከን ላይ ወርጄ እኩልታ ረገጥኩ። ሳዋ በዱላ በረዶው ላይ እየጫረች ስታሰላ ቆይታ መልሱን በትልቁ ጻፈችው። ልክ ነበር! እንዲያ እያልን ከአንዱ ወደ ሌላው እርከን ስንወርድ፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ስናልፍ፣ ፉሳኤ ዱላዋ ላይ ተደግፋ የሩዝ ድቡልቡሏን እየገመጠች ትተቸን ነበር። «የሒሳቧ ሴትዮ፣ ሁለትሽ ጎብጧል! እንደዚህ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ይዞ የሚመጣ ፖስታ ቢሆን አላደርሰውም።» ጥቂት ቆይታ ግን እሷም ወደ ጥግ ሄዳ በራሳችን ፊደል «በርቺ» ብላ ጻፈች።

ሳዋ ያንን ስታነብ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ከእሷ ጀርባ ቤቱ መስኮት ላይ አንድ ነጭ ጨርቅ ሲወዛወዝ አየን፤ እማማ ኪኑ ጠዋት ከሳዋ ጋር በትራስ ደግፈው ላስቀመጧቸው ባላቸው ሁሉን ሲያሳዩአቸው ኖሯል።

ስንመለስ ሜሬ የእግር ጣቶቿ እንደማይሰሟት ነገረችን። ፉሳኤ ጫካው ውስጥ አስቀመጠቻት፣ ጫማዋን አወለቀችላት፣ እግሯን በገዛ ልብሷ ውስጥ ሆዷ ላይ አደረገችው። ፖስተኛዋና ያቺ ግዙፍ ሴት ዛፍ ስር እንዲያ ተቀምጠው ሳይ፣ ለሳቅም ለለቅሶም የሚሆን ትንፋሽ አጣሁ።

የተንጠለጠለው በረዶ ያን ቀን አልወደቀም። «እትዬ ፉሳኤ፣ እንዳስፈራራሽን አይደለም» እያሉ ሰዎች ሲቀልዱባት ሰነበቱ። በሳምንቱ አጋማሽ አንድ ቀትር ላይ ናራሳዋ ድረስ የሚሰማ ጉርምርምታ ሆነ። የፈፋው ቁልቁለት እንዳለ ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ ፉሳኤ የምትለው ሁሉ ሰው አፉን ይዞ የሚሰማው ሆነ። እሷ ግን ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጥሩ። ተራግፏል። አሁን መሻገር ይቻላል።»

ተሻገርንም። ፈተናው ሊደርስ ሲል ግን ሌላ ጉዳይ መጣ። ሳዋ ለፈተናው ወርዳ ከተማ ማደር አለባት፤ እሷ ደግሞ «አያቴን ማን ያነሳዋል?» ብላ ድርቅ አለች። እማማ ኪኑ ተቆጡ፣ አባባ ቶዮሳኩ «እኔ ድንጋይ ነኝ፣ የትም አልሄድም፤ ሂጂ!» ብለው ጮኹ። ልጅቷ ንቅንቅ አላለችም።

«እኔ አነሳቸዋለሁ» አለች ሜሬ። «አንቺ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ።»

አቶ ኢሶጋይ ይሄን ስነግራቸው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ውሏ ላይ ሽማግሌ ማንሳት የሚል የለም እኮ፣ ሃሩዮ።»

«በረዶ ላይ መጻፍ የሚልም አልነበረም።»

ራሳቸውን አከኩ። «በይ እንግዲህ፣ የቤት ለቤት ጉብኝት ነው ብለን እንለፈው» አሉ።

ሳዋ የምትወርድበት ቀን ፉሳኤ ናራሳዋን በር በበር አንኳኳች። «ልጅቷ ደክማ ፈተና አትቀመጥም» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ከየቤቱ ሰው መርገጫውን እያሰረ ወጣ፤ የስፖርት መምህሩም፣ ባለ ሱቁም፣ ሜዳው አጥር ላይ ሲያጨበጭቡ የነበሩት አሮጊቶች ሳይቀሩ። በሰልፍ ሆነው እየረገጡ ከሰፈራችን እስከ ፈፋው ድረስ እንደ አስፋልት የጠነከረ መንገድ ሠሩ። ሳዋ በዚያ መንገድ ስትወርድ ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ያሳልፋታል፤ እሷም ለእያንዳንዱ እጅ እየነሳች ስለነበር መንገዱ ከሚገባው በላይ ረዘመባት። ሜሬ ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ወጣች።

ፈተናው አለፈ። ሳዋ እንግሊዝኛውን ተፈትና ስትወጣ «እንዴት ነበር?» ስላት፣ «ጽሑፍ ጻፉ የሚል ነበረበት። እጄ ትንሽ ትንሽ አድርጎ መጻፍ አስቸገረው» አለችኝና ሳቀች።

በማግሥቱ ግን የበረዶ ማዕበል ተነሳ። ያ ሁሉ ሰው የረገጠው መንገድ እንዳልነበረ ሆነ። ፉሳኤ እንኳ መውጣት አልቻለችም፤ ሳዋም እኔ ቤት ሰነበተች። ቀናት አለፉ፤ ፈተናውን ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሜሬ ገና ቶቺጉራ ነበረች። እኔና ሳዋ ከተማ ወርደን በሰሌዳው ፊት ቆምን። ሳዋ ማየት ፈርታ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ቁጥሯን ያየሁት እኔ ነኝ። አልነገርኳትም፤ ክንዷን ጨብጬ ወደ ሰሌዳው ገፋኋት። ዓይኗን ገለጠች፣ አየች፣ እዚያው ሰው መሐል ቁጭ ብላ ስቅስቅ አለች።

ማዕበሉ ሲያባራ ሦስታችን፣ እኔ፣ ሳዋና ፉሳኤ፣ ወጣን። ፈፋውን ተሻግረን ቤቱ ሲታየን ጣራው ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አየን፤ የገለባ ካባ የለበሰ፣ ወገቡን በገመድ የታሰረ፣ በረዶ በአካፋ የሚወረውር።

«ምንድን ነው እሱ? ድብ ነው እንዴ?» አለች ፉሳኤ።

«ድብስ እናትሽ!» የሚል ድምፅ ከጣራው መጣ። «ምን ትገተሪያለሽ አንቺ ጉቶ! አካፋ አንስተሽ አትወጪም?»

ፉሳኤ እዚያው በረዶው ላይ ወደቀች። የሳቀችው ሳቅ ተራራውን እንዳይቀሰቅሰው ፈራሁ። ሜሬ በእነዚያ ቀናት ያነጋገሯት አባባ ቶዮሳኩ ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ የተማረችውም የእሳቸውን የተራራ ቋንቋ ነው፣ ከነስድቡ። እሷ ትሑት ሆና የተናገረች ነበር የመሰላት። አባባ ከመስኮቱ ጀርባ ተቀምጠው ፊታቸው በእንባ እስኪርስ ይስቃሉ።

ሳዋ ውጤቷን ስትነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። ደኅናውን እጃቸውን ዘርግተው ራሷ ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ሜሬ ዞሩ፤ ብዙ ሊሉ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። «ጣራው ገና ግማሹ ይቀራል» አሉ በመጨረሻ። እማማ ኪኑ በሹክሹክታ «ከባድ ምስጋና ነው ይሄ፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ ለእኔ እንዲህ አላለም» አሏት።

ሰኞ ሜሬ ወደ መምህራን ክፍል ገባች። ከእጆቿ ቆዳ የተረፈ የለም፤ ፊቷ በንፋስ ተላጥቷል፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን አምራ አይቻት አላውቅም። አቶ ኢሶጋይ ለአቀባበል የጻፉትን ይዘው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው ቆሙ። ሜሬ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና በሙሉ ክብር፣

«አንተ በራ፣ ምድጃው ሞቶ ምን ያፈዝሃል? እሳቱን ቀስቅስ እንጂ!» አለቻቸው።

የስፖርት መምህሩ ጠረጴዛ ስር ገባ። አቶ ኢሶጋይ አፋቸውን ከፍተው አዩዋት፤ ከእሳቸው በላይ ጨዋ ርእሰ መምህር ኖሮን አያውቅም። ወረቀታቸውን ቀስ ብለው አጠፉ፣ ኪሳቸው ከተቱ፣ ምድጃው ጋ ሄደው ተንበረከኩ።

«እሺ፣ አባባ ቶዮሳኩ» አሉ።

ሚያዝያ ላይ መንገዱ ተከፈተ። አባባ ቶዮሳኩ በመኪና ወርደው ሕክምና ጀመሩ፤ በበጋው በከዘራ ቆመዋል። ሳዋ ከተማ ገብታ ትማራለች፤ ሒሳቧ አሁንም እንደምፈልገው አይደለም። ሜሬ ውሏን ለአንድ ዓመት አራዘመች፤ ያን መኸርም ገና ቅጠሉ ሳይረግፍ ለአዲስ መርገጫዋ ከእትዬ ፉሳኤ ጋር ተቀምጣ እንጨት ስታጠማዝዝ፣ አንዷ ሌላዋን «ጉቶ» እያለች ሌላዋም «ጎመን» እያለች ሲሰዳደቡ በመስኮቴ እሰማቸው ነበር።